የጥፍር ሥር እና የጣት ጫፍ መልሶ ማደግ

የጥፍር የሚታየው ክፍል ሕይወት የለውም። ሲቆረጥ አያምም፣ አይደማም። ኬራቲን በተባለ ጠንካራ ፕሮቲን ተሞልተው የሞቱና እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ሕዋሳት ንብርብር ነው። ፀጉርም፣ የበሬ ቀንድም፣ የፈረስ ኮቴም የተሠሩት ከዚሁ የፕሮቲን ወገን ነው። ሕይወቱ ያለው ጥፍሩ ወደ ቆዳ ገብቶ በሚደበቅበት ቦታ ነው። በጥፍሩ ግርጌ ካለው ስስ የቆዳ እጥፋት በታች ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ርዝመት ያለው ለስላሳ ክፍል አለ፤ የጥፍር ሥር የሚባለው እሱ ነው። በአውራ ጣት ላይ ጎልቶ የሚታየው ነጣ ያለ ቅስት የዚሁ ሥር የፊት ጠርዝ ሲሆን፣ የቀረው ክፍል ከዓይን ተሰውሮ ወደ ጣቱ መገጣጠሚያ አቅጣጫ ይዘልቃል።

ጥፍር የሚያድገው ከሥሩ እንጂ ከጫፉ እንዳልሆነ ለማየት አጉሊ መነጽር አያስፈልግም። ለሠርግ ወይም ለበዓል እንሶስላ የሞቀች ሴት እጅ ይበቃል። በመዳፏና በጣቶቿ ቆዳ ላይ የያዘው ቀለም በሁለት ሦስት ሳምንት ይለቃል፤ የላይኛው ቆዳ እየተቀረፈ በአዲስ ስለሚተካ ነው። ጥፍሯ ላይ ያለው ቀለም ግን አይለቅም። የሞተው ንብርብር ውስጥ ስለገባ ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት ይጓዛል። በወሩ በጥፍሩ ግርጌ ቀለም ያልነካው፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አዲስ ጥፍር ይታያል። በስድስተኛው ወር አካባቢ የመጨረሻው ቀለም ጫፍ ላይ ደርሶ ተቆርጦ ይወድቃል። የእግር ጥፍር ዕድገት ግን የእጅን ግማሽ እንኳ ላይሞላ ስለሚችል፣ በእግር አውራ ጣት ላይ የቀረው ቀለም ዓመት አልፎትም ሊታይ ይችላል።

ይህንኑ ነገር ዊሊያም ቢን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በራሳቸው ጣት ላይ 35 ዓመት ለክተውታል። በየወሩ መጀመሪያ በግራ እጃቸው አውራ ጣት ጥፍር ግርጌ በሞረድ ጭረት ያደርጉና ጭረቱ ጫፍ እስኪደርስ ቀናቱን ይቆጥሩ ነበር። በ32 ዓመታቸው ጥፍሩ በቀን 0.123 ሚሊ ሜትር ያድግ ነበር፤ በ67 ዓመታቸው 0.095 ሆኗል። ዕድሜ ሲገፋ ሥሩ ሥራውን ያዘገያል እንጂ አያቆምም። ብርቱ ሕመም ደግሞ ለጊዜው ሊያስቆመው ይችላል። በከባድ ትኩሳት የተያዘ ሰው ከዳነ በኋላ በሁሉም ጥፍሮቹ ላይ አግድም የተሰመረ ጎድጓዳ መስመር የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዦዜፍ ቦ ይህን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1846 ስለገለጹት እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። መስመሩ ከጥፍሩ ግርጌ 6 ሚሊ ሜትር ርቆ ከተገኘ፣ ሕመሙ የጸናው ከሁለት ወር ገደማ በፊት ነበር ማለት ነው።

ጥፍር ዕድሜ ልክ ማደጉን የማያቆመው በሥሩ ውስጥ ግንድ ሕዋሳት ስላሉ ነው። ግንድ ሕዋስ፣ ወይም ብዙዎች እንደሚጠሩት ስቴም ሴል፣ ሲከፈል ራሱን የሚተካ ሕዋስ ያስቀራል፤ ሌላውን ደግሞ ሙያ ይዞ እንዲሄድ ይለቀዋል። በጥፍር ሥር ውስጥ ሙያ ይዞ መሄድ ማለት ወደ ፊት መገፋት፣ በኬራቲን መሞላት፣ መጠንከርና በመጨረሻም ሞቶ የጥፍር አካል መሆን ነው። እነዚህ ሕዋሳት በትክክል የት እንደሚገኙ የታወቀው በቅርብ ነው። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማዩሚ ኢቶ የሚመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር በተባለው መጽሔት ባሳተመው ጥናት፣ የአይጥ ጥፍር ሕዋሳትን በማይጠፋ ቀለም ምልክት አድርጎ ለወራት ተከታተላቸው። በሥሩ የፊት ክፍል የነበሩት ቀለም የያዙ ሕዋሳት ወደ ጥፍር ተለውጠው አለቁ። በኋለኛው ክፍል፣ ማለትም ከቆዳው እጥፋት በታች ጠልቀው የነበሩት ግን አላለቁም፤ እነሱ ባሉበት እየቀሩ ዘራቸው ረጅም መስመር ሠርቶ እስከ ጥፍሩ ድረስ ዘለቀ። ግንዶቹ እነዚህ ናቸው።

በዓመቱ ደግሞ በደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የክርዚሽቶፍ ኮቢየላክ ቡድን በጥፍሩ ዙሪያ ባለው የቆዳ እጥፋት ውስጥ ቀስ እያሉ የሚከፈሉ ሌሎች ግንድ ሕዋሳት አገኘ። እነዚህ በሰላሙ ጊዜ ለጥፍርም ለዙሪያው ቆዳም ሕዋስ ያበረክታሉ፤ ጥፍሩ ሲነቀል ግን ፊታቸውን ወደ ጥፍሩ ጥገና ያዞራሉ። በጥፍር ዙሪያ ያለውን ስስ ቆዳ በጥርስ መንጨትና በምላጭ ጠርቦ ማንሳት ጉዳት የሚሆነው ለዚህም ጭምር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

የጥፍር ግንድ ሕዋሳት የሳይንቲስቶችን ዓይን የሳቡት ጥፍር ስለሚሠሩ ብቻ አይደለም። አጥቢ እንስሳት የተቆረጠ አካል መልሰው አያበቅሉም። በውኃና በየብስ የሚኖረው ሳላማንደር እግሩ ሙሉ በሙሉ ቢቆረጥ ከነአጥንቱና ከነጣቶቹ ያበቅላል፤ ሰው፣ በሬና ውሻ ግን ቁስሉን በጠባሳ ዘግተው ያልፋሉ። ከዚህ ሕግ ውጭ ከሆኑ ጥቂት ቦታዎች አንዱ የጣት ጫፍ ነው።

በእንግሊዝ በሼፊልድ ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሲንቲያ ኢሊንግዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለዚህ ጉዳይ ጽፈዋል። በር ተዘግቶባቸው የጣታቸው ጫፍ የተቆረጠ ልጆችን ሲያክሙ፣ ቁስሉ በቆዳ ሳይሸፈንና ሳይሰፋ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ብቻ ከታሰረ፣ ጫፉ በጥቂት ወራት ውስጥ መልሶ እንደሚሞላ ተመለከቱ። ሥጋው፣ ጥፍሩና የጣቱ ቅርጽ ይመለሳሉ፤ የመዳሰስ ስሜቱም አብሮ ይመለሳል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ቁርጡ ከመጨረሻው የጣት መገጣጠሚያ ወዲያ፣ በጫፉ በኩል ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሪቻርድ ቦርገንስ የተባሉ ተመራማሪ የአይጥ የፊት እግር ጣትም እንዲሁ ጫፉን መልሶ እንደሚያበቅል ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የምርምሩ ዋና እንስሳ አይጥ ሆነች።

ወሰኑ በጣም ጥብቅ ነው። የአይጥ ጣት ከመጨረሻው አጥንት ጫፍ በኩል ሲቆረጥ ይበቅላል፤ ጥቂት ወደ ኋላ ብሎ፣ ከጥፍሩ ሥር አልፎ ሲቆረጥ አይበቅልም፣ በጠባሳ ይዘጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ትንሽ ነው፤ በሰው ጣት እንኳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተደረጉ ሙከራዎች ጥፍሩ ከነሥሩ ከተነቀለ አጥንቱ እንደማይመለስ፣ ጥፍር ወደማይበቅል የጣት ክፍል ሲተከል ደግሞ በዚያ ያለው አጥንት መጠነኛ ዕድገት እንደሚያሳይ አመለከቱ። ስለዚህ ጥያቄው ጠበበ፤ የጥፍር ሥር ለአጥንት ምን ያደርግለታል?

የኢሉባቦር ቡና ገበሬ ያረጀ ቡናውን ሲጎነድል የሚያደርገውን ማሰብ ለዚህ ይረዳል። ግንዱን ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ ሰያፍ ይቆርጠዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም፤ በቀረው ጉቶ ላይ የተኙት እንቡጦች ነቅተው አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣሉና። በጣትም እንዲሁ የሚያበቅለው ክፍል ከቁርጡ በታች መቅረት አለበት። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የቡናው እንቡጥ ራሱ ቅርንጫፍ ይሆናል፤ የጥፍር ግንድ ሕዋስ ግን አጥንት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2011 ከታተሙ የዘር ሐረግ ጥናቶች እንደታወቀው፣ በሚበቅለው የጣት ጫፍ ውስጥ ቆዳ የሚመጣው ከቆዳ ሕዋስ፣ አጥንት የሚመጣው ከአጥንት ወገን ሕዋስ ነው። ሁሉን የሚሆን አንድ ሕዋስ በጣት ውስጥ አልተገኘም። የጥፍር ሥር ሥራው ሌሎቹን መጥራትና ማሠራት ነው።

የጥሪው አካሄድ በአይጥ ደረጃ በደረጃ ተጠንቷል። ጣቱ እንደተቆረጠ መጀመሪያ የሚሆነው ነገር ያስገርማል፤ አጥንቱ ከማደግ ይልቅ ይቀንሳል። አጥንት የሚበሉ ሕዋሳት የተጎዳውን ጫፍ እየሸረሸሩ ያነሱታል፤ ጣቱም ከተቆረጠው በላይ ያጥራል። ከዚያ የቆዳው ሕዋስ ከዳር ወደ መሃል እየሄደ ቁስሉን ይሸፍናል። በዚህ ሽፋን ሥር ብላስቴማ የሚባል የሕዋሳት ክምችት ይፈጠራል፤ ከአጥንቱ ልባስ፣ ከመቅኔውና ከቆዳው ውስጠኛ ክፍል የመጡ፣ ሙያቸውን በከፊል ትተው እንደገና መከፈል የጀመሩ ሕዋሳት ናቸው። ከክምችቱ ውስጥ አዲስ አጥንት ይሠራል። በፅንስ ጊዜ እንደሚሆነው መጀመሪያ በልም አጥንት አያልፍም፤ በቀጥታ አጥንት ይሆናል። በአይጥ ይህ ሁሉ በሁለት ወር ገደማ ያልቃል።

የኒው ዮርኩ ቡድን ያረጋገጠው የዚህን ጥሪ ቋንቋ ነው። ሕዋሳት እርስ በርስ ከሚነጋገሩባቸው ኬሚካላዊ መልእክቶች አንዱ ዊንት ይባላል። በጥፍር ሥር ውስጥ ግንድ ሕዋሱ ወደ ጥፍርነት የሚለወጠው ይህ መልእክት ሲደርሰው ነው። ተመራማሪዎቹ ከአይጦች የጥፍር ሕዋስ ውስጥ መልእክቱን የሚያስተላልፈውን ዘረመል አጠፉ። ጥፍሩ ማደጉን አቆመ፤ ይህ የሚጠበቅ ነበር። ከዚያ የጣቱ ጫፍ ሲቆረጥ አጥንቱም አልተመለሰም፤ በተለምዶ ወደ ቁስሉ የሚገቡት ነርቮችም አልመጡም። በሌሎች አይጦች ደግሞ መልእክቱ ሁልጊዜ እንዲሠራ አደረጉ። በእነዚህ አይጦች ጣቱ ከወትሮው ወሰን አልፎ ቢቆረጥም ጥፍሩና አጥንቱ ተመለሱ። የጥፍር ሥር ነርቭን እንደሚስብ፣ ነርቩ ሲደርስ ኤፍ ጂ ኤፍ ሁለት የተባለ የዕድገት ፕሮቲን ከጥፍሩ ወገን እንደሚመነጭ፣ ፕሮቲኑም ከታች ያሉትን ሕዋሳት እንዲበዙ እንደሚያደርግ ከዚህ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጄሲካ ለሆትስኪ እና ክሊፍ ታቢን የጥፍር ግንድ ሕዋሳት ኤል ጂ አር ስድስት የተባለ ምልክት እንደሚይዙ አሳዩ። ይህ ዘረመል የጎደላቸው አይጦች ጥፍራቸውንም የጣት አጥንታቸውንም በሚገባ መመለስ አልቻሉም። ጥፍሩና አጥንቱ አብረው የሚቆሙ፣ አብረው የሚወድቁ መሆናቸው በዚህ ይበልጥ ጸና።

ስለ ነርቭ ድርሻ ግን ክርክር አለ። በካናዳ የፍሬዳ ሚለር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳየው፣ ነርቭን የሚሸፍኑት የሽቫን ሕዋሳት ከጉዳት በኋላ ወደ ልጅነት ጠባያቸው ተመልሰው ለብላስቴማው ማዳበሪያ ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ እነሱ ከሌሉ ዕድገቱ ይዳከማል። በቴክሳስ የሚሠራው የኬን ሙኒዮካ ቡድን ግን ወደ አንዲት ጣት ብቻ የሚሄደውን ነርቭ ቢቆርጥም ጫፉ እንደበቀለ እ.ኤ.አ. በ2022 ዘገበ። ይኸው ቡድን እግሩ መሬት ረግጦ ክብደት ካልተሸከመ የተቆረጠ የአይጥ ጣት መልሶ እንደማያድግም አሳይቷል። ምናልባት በቀደሙት ሙከራዎች የእግሩ ነርቭ በሙሉ ሲቆረጥ አይጧ እግሯን መጠቀም ስለተወች ዕድገቱ ቀርቶ ይሆናል። ጉዳዩ ገና አልተቋጨም።

ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት ሆስፒታልና ከጎኑ በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ለአሥርት ዓመታት የታገሉት የሥጋ ደዌ፣ መቀመጫውን የሚያደርገው በእነዚሁ የሽቫን ሕዋሳት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በኤድንበራ የታተመ ጥናት ባክቴሪያው በአይጥ የሽቫን ሕዋሳትን ወደ ግንድ ሕዋስ ጠባይ እንደሚለውጣቸውና በዚያ ለውጥ ተጠቅሞ እንደሚሰራጭ አሳይቷል። በታመመ ሰው ላይ ጣት የሚያጥረው ባክቴሪያው ጣትን በልቶ አይደለም። ነርቩ ስለሞተ ሰውየው ምድጃ ሲያቃጥለው፣ እሾህ ሲወጋው አይሰማውም፤ ቁስሉ እየተደጋገመና እየመረቀዘ አጥንቱ ይሟሟል። በሽታው በመድኃኒት የሚድን ስለሆነ፣ ቀድሞ የታከመ ሰው ነርቩንም ጣቱንም ያተርፋል።

(አጭር ሙዚቃ)

በኢሉባቦር በመቱ፣ በጎሬ፣ በሁሩሙ፣ በያዮና በቡሬ ዙሪያ የጣት ጫፍ የሚጎዳባቸው አጋጣሚዎች ብዙ ናቸው። ከለቀማ በፊት በቡናው ሥር ያለው ቁጥቋጦ በገጀራ ይመነጠራል፤ ማገዶ በመጥረቢያ ይፈለጣል፤ እሸት ቡና በመፈልፈያ ማሽን ያልፋል። ትንንሽ ልጆች ደግሞ ጣታቸውን በር መቃን ላይ አድርገው ሳለ በሩ ይዘጋባቸዋል። ስለ ጥፍር ሥር የተገኘው ዕውቀት ከቤተ ሙከራ ይልቅ በእነዚህ ቤቶችና በአቅራቢያቸው ባሉ ጤና ኬላዎች ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ከአደጋው በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት የሚደረገው ነገር ሥሩን ሊያድንም ሊያጠፋም ይችላልና።

በመጀመሪያ ደሙን ማቆም ነው። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ ለ10 ደቂቃ ሳይለቁ መጫንና እጁን ከልብ ከፍታ በላይ ማንሳት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ቁስሉ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል። በብዙ ቤት የተፈጨ ቡና ቁስል ላይ ይነሰነሳል፤ አፈር፣ አመድ ወይም እበት የሚደረግበትም አለ። ደም ለማቆም በቅን ልብ የሚደረግ ቢሆንም ጉዳቱ ከባድ ነው። ዱቄቱ ቁስሉ ውስጥ ተቀብሮ ኢንፌክሽን ያመጣል፤ አፈርና እበት ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍን (ቴታነስን) ጀርም ይዘው ይገባሉ። የቴታነስ ክትባቱን ያላሟላ ሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሊደርስ ይገባል። ጥፍሩ ተነቅሎ ተንጠልጥሎ ከሆነ በቤት ውስጥ መጎተትም መቁረጥም አይገባም፤ ጥፍሩ ራሱ ከበታቹ ላለው ሥርና የጥፍር አልጋ ሽፋን ስለሚሆን ባለሙያ ብዙ ጊዜ አጽድቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል።

ቁርጡ ከነጩ ቅስት ወዲያ፣ ሥጋው ላይ ብቻ ከሆነ፣ በተለይ በልጅ ላይ፣ ታጥቦ እርጥበቱን በሚጠብቅ ንጹሕ ፋሻ መታሰሩ ብቻ ሊበቃው ይችላል፤ በአዋቂም ይኸው ዘዴ ጥሩ ውጤት ያሳየባቸው ብዙ ዘገባዎች አሉ። አጥንት ከታየ፣ ቁርጡ ነጩን ቅስት ከነካ ወይም ጣቱ ከተጨፈለቀ ግን ጉዳዩ የሆስፒታል ነው፤ ለአካባቢው መቱ ካርል ሆስፒታል አለ። ተቆርጦ የወደቀ ጫፍ ካለ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በላስቲክ ከረጢት ታስሮ፣ በረዶ በቀጥታ ሳይነካው ከታማሚው ጋር ቢሄድ ሐኪሙ የሚወስነው ነገር ይኖረዋል። ከጥፍር በታች ደም ቋጥሮ ጠቁሮ የሚጠዘጥዝ ጣትም በጋለ ሽቦ በቤት ሊበሳ አይገባውም፤ በጤና ተቋም ግን በቀላሉ ይተነፍሳል።

በእግር በኩል የጥፍር ሥር ዋና ጠላት ሙጃሌ ነው። ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጠው ይህ ቁንጫ በ19ኛው መቶ ዓመት ከደቡብ አሜሪካ በመርከብ ወደ አፍሪካ እንደመጣ ይታወቃል። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ በእግር ጣቶች፣ በተለይም በጥፍር ዙሪያ ባለው ለስላሳ ቆዳ ትገባለች፤ ማለትም የጥፍር ግንድ ሕዋሳት በሚኖሩበት እጥፋት አጠገብ ነው። በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሆዷ በእንቁላል ተነፍቶ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። አንዷ በመርፌ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች፤ ያልጸዳው መርፌና እሾህ ደግሞ መግል ያመጣል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ጥፍሩ ይወፍራል፣ ይጠማዘዛል፣ ጨርሶም ሊጠፋ ይችላል። ሥሩ በጠባሳ ከተተካ የግንድ ሕዋሱ ዘር ስለሚያልቅ ጥፍሩ ከዚያ በኋላ አይበቅልም። ጫማ ማድረግ፣ እግርን በየዕለቱ በሳሙና መታጠብ፣ የቤቱን የአፈር ወለል መለሰንና ውሾችን ማከም መከላከያዎቹ ናቸው፤ ለተያዘ ሰው ደግሞ ቁንጫዋን ሳትቆፈር በቆዳው ውስጥ የሚገድል ዳይሜቲኮን የተባለ ዘይት አለ።

ከጣት ጫፍ ወዲህ ያለውን ሙሉ ጣት ወይም እጅ በሰው ላይ ማብቀል የቻለ ሕክምና በየትኛውም አገር የለም። የዊንትን መልእክት በመድኃኒት መክፈት ቀላል መንገድ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ይኸው መልእክት ያለ ልክ ሲሠራ ግን የአንጀት ካንሰርን ጨምሮ ዕጢዎችን ስለሚያበቅል ማንም በሰው ጣት ላይ ሊሞክረው አልደፈረም። የሙኒዮካ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለት የአጥንት ዕድገት ፕሮቲኖችን በተከታታይ በመጠቀም፣ በማይበቅል ቦታ በተቆረጠ የአይጥ ጣት ላይ አጥንትና የመገጣጠሚያ ልም አጥንት አብቅሏል። ሥራው ግን ከአይጥ አልወጣም። በግንድ ሕዋስ የተቆረጠ አካል እናበቅላለን ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ፣ ከዚህ ሁሉ ምርምር የሚደግፈው አንድም ማስረጃ የለም።

በጣት ጫፍ ላይ ከደረሰ ጉዳት በኋላ አዲሱ ጥፍር ከቆዳው እጥፋት ብቅ እስኪል ሳምንታት ይወስዳል፤ እስከ ጫፍ ለመድረስ ደግሞ ግማሽ ዓመት ገደማ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ የሚወጣው ብዙ ጊዜ ወፍራምና ያልተስተካከለ ነው፤ ከኋላ የሚከተለው እየተስተካከለ ይመጣል። ጥፍሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ማደጉን ከቀጠለ በሥሩ ላይ ጠባሳ አለ ማለት ነው። ወደ ታች ተጠምዝዞ የጣቱን ጫፍ ከያዘ ደግሞ ከበታቹ የሚደግፈው አጥንት አጥሯል። ሁለቱንም የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሊያያቸው ይገባል።